ሕፃናትን ከተወለዱበት አገር ጋር ስለ ማስተዋወቅ

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በቄስ ትምህርት ቤት ስሰማው ስለ ኖርሁ፥ ትርጓሜውን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ዳሩ ግን ዘሩ ማን እንደ ሆነ፥ በየትኛው መንደር እንደ ተወለደ፥ እናቱም በምን ስም ትጠራው እንደ ነበረ ከቶ የማያውቅ ልጅ ያለ እንደ ሆነ፥ ዘሩ ያን ልጅ ወዴት ይስበዋል? ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ይህን ጥያቄ እንዳስብ ያደረገኝን ነገር ባለፈው ነሐሴ ወር በአሜሪካ አገር በዓይኔ አይቼ ተመልሻለሁና፥ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

እኔ በአንድ ፍርድ ቤት ሃያ ዓመት ያህል በጸሐፊነት የኖርሁ ሰው ነኝ። ታላቅ እኅቴ በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ በሐኪም ቤት ሕመምተኞችን እያስታመመች ትኖራለች። ፈቃድ አግኝቼ ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ፥ አብራት የምትሠራ አንዲት አሜሪካዊት ወይዘሮ ወደ ቤት መጣች። ይህች ወይዘሮ ከባልዋ ጋር ሆና አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ከሕንድ አገር በጉዲፈቻ ወስዳ የምታሳድግ ናት። እርስዋም «በየዓመቱ እንደ ልጆቼ ከሕንድ የመጡ ልጆች ከነአሳዳጊዎቻቸው በተራራ ላይ ለጥቂት ቀን እየተሰበሰቡ የተወለዱበትን አገር ነገር ይማራሉ፤ ዘንድሮ ግን ለወጥ ቤቱ ሰው አንሶናል» ብላ ነገረችን። እኅቴም ወደ እኔ ዘወር ብላ «ተነሥ ወንድምዓለም፤ ሳምቡሳ መጠቅለል አያቅትህም» አለችኝ። እንዲህ ሆኖ ሮኪ ከሚባሉት ተራሮች ውስጥ፥ በአገሩ አነጋገር ካምፕ ወደሚሉት የልጆች ሰፈር ወጣሁ።

ነገሩ እንዲገባ አስቀድሜ የሰፈሩን ምክንያት ልንገር። በአሜሪካ አገር የሕንድ ተወላጆች ዛሬ ወደ 5 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ብዙዎቹ የገቡት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ዓመት የወጣው የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተላቸው ወዲህ ነው። የእነዚህ ሰዎች ልጆች በቤታቸው አያት አለቻቸው፤ ቋንቋውን ይሰማሉ፤ በሰንበት ወደ ቤተ መቅደስ ሄደው የሃይማኖታቸውን ነገር ይማራሉ። በጉዲፈቻ የመጡት ግን መልካቸው የሕንድ ሆኖ፥ በቤታቸው አንድ ሰው እንኳ እነርሱን የሚመስል የለም። በትምህርት ቤት «ከወዴት ነህ?» የተባሉ እንደ ሆነ የሚመልሱት የላቸውም። ሰፈሩ የተሠራው ለእነዚህ ነው። ከከተማው የሚመጡ የሕንድ ቤተ ሰቦችም ያለ ደመወዝ ምግቡን፥ ጭፈራውንና ፊደሉን ያስተምሩላቸዋል።

እኔና እኅቴ በወጥ ቤቱ በገባን ጊዜ የእርድ፥ የከሙን፥ የድምብላልና የሄል ሽታ ተቀበለን፤ የእናታችን ማጀት መሰለን። እነርሱ ሳሞሳ የሚሉት እኛ ሳምቡሳ የምንለው ነው። በጓዳው አጠገብ ሴቶቹ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ሂና ይሳልላቸው ነበር፤ እኅቴም አይታ የእንሶስላችንን ነገር አነሣችላቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን የገረመኝ ፊደላቸው ነው። በአንድ ክፍል ልጆቹ ስማቸውን ዴቫናጋሪ በሚባለው የሕንድ ፊደል ሲጽፉ ቆሜ ተመለከትሁ። አንዱ ፊደል በግራው ወይም በቀኙ፥ በላዩ ወይም በታቹ ምልክት እየተጨመረለት ድምፁን ይለውጣል፤ «ከ» የነበረው «ኪ»፥ «ኩ»፥ «ኮ» ይሆናል። ይህማ የእኛ ካዕብና ሣልስ አይደለምን? የኔታ በአለንጋ ያስቆጠሩኝን ፊደል አስቤ ብቻዬን ሣቅሁ።

ነገር ግን በዚያው ክፍል አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ እርሳሱን አስቀምጦ አልጽፍም አለ። መምህርቱ ምክንያቱን ብትጠይቀው «እኔ የተወለድሁት በካልካታ ነው፤ በዚያ ያለው ፊደል ይህ አይደለም ብሎ አባቴ ነግሮኛል» አላት። ልጁ እውነት ተናገረ። የሕንድ ሕገ መንግሥት በዝርዝሩ ያገባቸው ቋንቋዎች 22 ናቸው፤ የካልካታ ሰዎች የሚናገሩት ቤንጋሊ የሚባለውን ነው፤ ፊደሉም ሌላ ነው። መምህርቱ አልተቆጣችም። ቤንጋሊ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ከወጥ ቤት አስጠርታ ስሙን በራሱ አገር ፊደል አስጻፈችለት። ልጁም ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተው፤ በማግሥቱ ቁርስ ላይም ከኪሱ አውጥቶ ሲያየው አገኘሁት። እኔ ከዚህ የተረዳሁት፥ ለልጅ «አገርህ ሕንድ ነው» ማለት ብቻ እንደማይበቃውና የራሱን ቦታ ለይቶ እንደሚፈልግ ነው።

በሁለተኛው ቀን ራኪ የሚሉትን ሥርዓት አሳዩን። በሕንድ አገር ሽራቫን በሚባለው ወር ጨረቃ ስትሞላ፥ እኅት በወንድምዋ አንጓ ላይ ክር ታስራለች፤ ወንድምም ሊጠብቃት ቃል ገብቶ ስጦታ ይሰጣታል። በሥጋ የማይዛመዱ ሰዎችም ክሩን ቢያስሩ እንደ ወንድምና እኅት ይቈጠራሉ። የእኅቴ ባልንጀራ ሁለቱ ልጆች ከልዩ ልዩ ክፍለ አገር የመጡ፥ በደም የማይገናኙ ናቸው። ልጅቱ ለወንድምዋ ቀዩን ክር ስታስርለት እናቲቱ ዘወር ብላ እንባዋን ጠረገች። እኔም በአንገቴ ያለውን ማተብ ዳሰስሁ።

የሆነ ሆኖ ልቤ ፈጽሞ አላመነም ነበር። በሦስት ቀን ምግብና ጭፈራ አገር ይገኛልን? ሕፃኑስ ወደ ቤቱ ተመልሶ ልብሱን ባወለቀ ጊዜ ምን ይቀርለታል? ይህን አሳቤን ልጆቹን ከሚመሩት ለአንዲት ወይዘሮ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት እንግሊዝኛ ገልጬ ነገርኋት። እርስዋ ዕድሜዋ ከእኔ ጋር የሚተካከል፥ በ1983 በፈረንጅ አቆጣጠር በሕፃንነትዋ ከካልካታ የመጣች ናት። እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፤

«እውነትዎን ነው፤ በሦስት ቀን አገር አይገኝም። እኔ እዚህ መጀመሪያ የመጣሁት የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። የተማርሁትን ጭፈራ በወሩ ረሳሁት። ያልረሳሁት ግን ሌላ ነው። የሕንድ ሴቶችን እፈራ ነበር፤ የአባትሽ ስም ማን ነው፥ ወገናችሁ ከየት ነው ብለው የጠየቁኝ እንደ ሆነ ምን እላለሁ እያልሁ። እዚህ ግን አንዲት ሴት ጠጕሬን እያበጠረች፥ ምንም ሳትጠይቀኝ ስለ ራስዋ እናት አወራችኝ። ያን ጊዜ እኔም መጠየቅ እንደሚቻለኝ አወቅሁ። ቋንቋውን የተማርሁት፥ ወደ ካልካታም ሄጄ ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከዚህ ያገኘሁት የመጠየቅን ድፍረት ነው።»

ቀጥላም ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ ወረቀት አወጣችና «እርስዎ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከሆኑ፥ እኔ ሺህ ጊዜ አንብቤ ያላስተዋልሁት ነገር ካለበት ይንገሩኝ» አለችኝ። ወረቀቱ የካልካታ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። በዚያን ዘመን በሕንድ አገር በ1956 በወጣው ሕግ ጉዲፈቻ የሚፈቀደው ለሂንዱዎችና ከእነርሱ ጋር ለተቈጠሩት ብቻ ስለ ነበረ፥ የውጭ አገር ሰዎች ልጅ የሚወስዱት በእንግሊዞች ጊዜ በ1890 በወጣው ሕግ በአሳዳሪነት ብቻ ነበር። ጉዲፈቻው የሚጸናው በአገራቸው ነው። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ላይ ያሳደጓት ሰዎች አባትና እናት አልተባሉም። ወረቀቱ በተጻፈ በዓመቱ፥ በ1984፥ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላክሽሚ ካንት ፓንዴ የተባሉ ጠበቃ በላኩለት ደብዳቤ ምክንያት ታላቅ ፍርድ ፈርዷል። ይኸውም ልጅ ወደ ውጭ አገር ሳይሰጥ አስቀድሞ በአገሩ ውስጥ ወላጅ ይፈለግለት የሚል ነው። ደግሞም ልጁ ለአካለ መጠን ደርሶ ስለ ወለዱት ሰዎች ለማወቅ የፈለገ እንደ ሆነ፥ ቢነገረው ብዙ የሚያስቸግር ነገር እንደሌለው ያ ፍርድ አመልክቷል።

ወረቀቱን እንደ ልማዴ ከመዝገቡ ቁጥር እስከ ማኅተሙ መረመርሁት። የተወለደችበት ቀን በመኪና ተጽፏል፤ በላዩ ግን በእጅና በሌላ ቀለም «ገደማ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ለወይዘሮይቱም «ይህን ቃል የጨመረው ጸሐፊው ሳይሆን አይቀርም። የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ አድርጎ መጻፍን አልወደደም። በዚያ ቀን ስለ እርስዎ እውነቱን ለመጻፍ የተጠነቀቀ አንድ ሰው ነበረ» አልኋት። እርስዋም ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ያችን አንዲት ቃል ተመለከተች።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ይህን በተናገርሁ ጊዜ ልቤ ወቀሰኝ። ከእኛም አገር ብዙ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ሄደዋል፤ በ2010 ዓመተ ምሕረት በወጣው ሕግ የውጭ አገር ጉዲፈቻ እስኪከለከል ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ15 ሺህ ይበልጣሉ። ከመዝገቦቹም አንዳንዶቹ በእኔ እጅ ተጽፈዋል። በ2001 ዓመተ ምሕረት አንድ አራት ዓመት የሚሆነው ወንድ ልጅ በጽሕፈት ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ሳለ፥ «ስምህ ማን ነው?» ብዬ በጨዋታ ጠየቅሁት፤ ስሙንም ነገረኝ። በቀረበው ማመልከቻ ላይ ያለው ስም ግን ሌላ ነበር። ለዳኛው ላመልክት አሰብሁና፥ የዚያን ቀን መዝገብ ብዙ ስለ ነበረ፥ ሕፃን ምን ያውቃል ብዬ ተውሁት። በማመልከቻው ያለውንም ስም ጻፍሁ። ያ ልጅ በሕይወት ካለ ዛሬ 21 ዓመት ሆኖታል። ከአንዱ ሰፈር ተቀምጦ፥ የእኔን ጽሕፈት ሺህ ጊዜ እያነበበ፥ በእውነት ያልተጠራበትን ስም በፊደላችን ይጽፍ ይሆናል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለው፥ እኔ ስሕተትን አወረስሁት።

ወደ አገሬ እንደ ተመለስሁ ወደ መዝገብ ቤት ወርጄ መዝገቡን ፈለግሁት፤ በአራተኛውም ቀን አገኘሁት። የተፈረደውን መለወጥ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ልጁ በዚያ ቀን በአፉ የነገረኝን ስም፥ እንዴት እንደ ሰማሁትና ለምን እንዳላመለከትሁ በማስታወሻ ጽፌ ፈረምሁበት። ለሹሙም አቅርቤ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ለመንሁ። ሹሙ አንብበው ጥቂት ዝም አሉና «ጥፋትህን በገዛ እጅህ ጻፍህ እኮ» አሉኝ። «አዎን ጌታዬ፤ ምናልባት ልጁ ይመጣል» አልኋቸው። እርሳቸውም ፈቅደው ፈረሙበት።

እንግዲህ ከዚህ የምመክረው ጥቂት ነው። የሰው ልጅ የሚያሳድግ ሰው፥ ልጁን ከመሰሎቹ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቢፈልግለት መልካም ነው፤ ብቸኝነቱን ያቃልልለታልና። ነገር ግን ቤቱ ከሰፈሩ የበለጠ ሥራ አለበት። ልጁ ሲጠይቅ ፊትን አለማጥቈር፥ የሚታወቀውን ሳይደብቁ መንገር፥ ያልታወቀውንም አልታወቀም ማለት ይገባል። የልጁን ወረቀት፥ ሲመጣ የለበሰውን ልብስ፥ የመጣበትን መንደር ስምና ያመጣውን ሰው ቃል በደኅና ቦታ ማኖር ያስፈልጋል። የማደጎ ልጅ በአገራችንም በየቤታችን አለና፥ ይህ ነገር የሩቅ አገር ሰዎች ብቻ አይምሰለን።

እንደ እኔ በብዕር የምታገለግሉ ወንድሞቼም፥ ሕፃን በጠረጴዛችሁ አጠገብ ቆሞ አንድ ቃል የተናገረ እንደ ሆነ፥ ሥራ ቢበዛባችሁም ብዕራችሁን አቁማችሁ ስሙት።