ሥራ ፈጠርን እንላለን፣ ያቆየነውስ?

በ2014 ዓ.ም. ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአንድ ልብስ ፋብሪካ ላይን ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ኅዳር ላይ የአሜሪካው ፒቪኤች ፓርኩን ለቆ እንደሚወጣ ተሰማ። ታኅሣሥ 23 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ሸሚዝ ቀረጥ መጣበት፤ ትዕዛዝ ሳሳ።

«32ቱን ወደ 18 አውርድ» ተባልኩ። ሕጉ የተሻለ ክህሎትና ምርታማነት ላለው ቅድሚያ ይሰጣል። ኮሌታ በፍጥነት የምትሰፋዋ ልጅ ቆየች። እሷን ያስተማረቻት ግን በዚያ ወር ታማ ስለነበር ቁጥሯ ወርዶ ተሰናበተች። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዓመት በኋላ ፋብሪካው ወደ አውሮፓ ገበያ ዞሮ ትዕዛዝ አገኘ። ለ14ቱም ደወልኩ። ያነሱት አምስት ናቸው፤ የተመለሱት ሁለት። ሦስቱ ዐረብ አገር ሄደዋል ተባልኩ። አዲስ ልጆች ቀጥረን እስኪለምዱ ድረስ ስንት ሸሚዝ እንደተበላሸ እኔ አውቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመን ኢኮኖሚ 5 በመቶ ገደማ ሲወርድ ሥራ አጥነቱ እምብዛም አልጨመረም። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ኩርትሳርባይት የሚሉት አሠራር ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ ከማሰናበት ይልቅ ሰዓት ይቀንሳል፤ ከጎደለው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ላለው 67 በመቶውን መንግሥታዊው የሥራ አጥነት መድን ይሸፍናል። በዚያ ዓመት በአንድ ወቅት ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ በዚህ መንገድ ከሥራው ሳይለይ ቆይቷል። ትዕዛዝ ሲመለስ እጁ የለመደ ሰው ማሽኑ ላይ ነበር።

«እኛ ጀርመን አይደለንም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ለሥራ አጥነት የሚዋጣ ሳንቲም የለም። አዋጅ 1156/2011 የስንብት ክፍያ ያዛል፤ እሱም መሸኛ እንጂ ማቆያ አይደለም።

የሞተ ፋብሪካ በመንግሥት ገንዘብ ይኑር አላልኩም። ትዕዛዝ መቀነሱን በሰነድ ያሳየ፣ ለስድስት ወር ብቻ፣ ሠራተኛ ላለማሰናበት ፈርሞ ይደገፍ። ከሁለቱም ወገን መዋጮ ላይ ትንሽ ተጨምሮ ፈንዱ ዛሬ ቢጀመር ለቀጣዩ ቀውስ ይደርሳል።

በየዓመቱ ይህን ያህል ሥራ ተፈጠረ የሚል ሪፖርት እንሰማለን። ያቺ ኮሌታ አስተማሪ ስትቀጠር ተቆጥራለች። ስትወጣ ግን የተቆጠረችው በእኔ ዝርዝር ላይ ብቻ ነው።