ኢንቴል ያልሆነው «ኢንቴል»

ዛሬ ትንሽ የቴክኒክ ወሬ ይዣለሁ። ኮምፒውተር የማይጥማችሁም አትለፉት፣ መንገዱ በሲኤምሲ በኩል ነው።

ሊኑክስ ሳስተምር በየጊዜው የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ የኔ ላፕቶፕ እኮ ኤኤምዲ ነው። የድምፁ ድራይቨር ግን ‹ኤስኤንዲ ኤችዲኤ ኢንቴል› ይላል። ተሳስቶ ነው እንዴ የተጫነው?»

አልተሳሳተም። ስሙን ከፋፍለን እንየው። «ኤስኤንዲ» ሳውንድ የሚለው ቃል ሲያጥር ነው፤ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ የድምፅ ድራይቨሮች በዚህ ይጀምራሉ። «ኤችዲኤ» ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የድምፅ ስታንዳርድ ነው። «ኢንቴል» ደግሞ ድራይቨሩ መጀመሪያ የተጻፈለት ቺፕ ባለቤት። በኋላ ኤኤምዲም ኤንቪዲያም በዚያው ስታንዳርድ የሚሠሩ ቺፖች አወጡ፤ ድራይቨሩም እነሱን ጨምሮ ማሠራት ያዘ። ስሙ ግን እንደነበረ ቀረ።

እና ለምን አይቀየርም? እስቲ ሲኤምሲን አስቡት። ስሙ ቤቶቹን የሠራው የጣሊያን ኮንስትራክሽን ኩባንያ ስም ነው። ዛሬ መገናኛ ላይ ረዳቱ «ሲኤምሲ! ሲኤምሲ!» ብሎ ሲጣራ ጣሊያን ፍለጋ የሚሳፈር ሰው የለም። ሁላችንም የት እንደሚያወርደን እናውቃለን። አንድ ሰው ተነስቶ «ስሙ ከእውነታው ጋር አይሄድምና ይስተካከል» ቢል፣ ትክክለኛ ስም እናገኝ ይሆናል፤ ግማሹ ሕዝብ ግን መንገድ ይጠፋዋል። ከርነሉም ላይ እንደዚያው ነው። በየኮምፒውተሩ የተቀመጡ የሴቲንግ ፋይሎች ያንን ስም ይጠራሉ። ስሙ ሲቀየር ድንገት ድምፅ የሚጠፋበት ሰው ምን እንደነካው እንኳ አያውቅም።

ችግር የሚያመጣው ሌላ ዓይነት ስም ነው፦ የተራ ቁጥር። ሊኑክስ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያገኛቸውን የድምፅ ካርዶች 0፣ 1፣ 2 እያለ ይቆጥራቸዋል። ቀድሞ የተገኘ ቀድሞ ይቆጠራል። ዛሬ 1 የነበረው ነገ 2 ሊሆን ይችላል።

ገርጂ አካባቢ ትንሽ የቀረጻ ክፍል ያለው የቀድሞ ተማሪዬ ይሄን በደንብ ያውቃል። አንድ አዛውንት ውጭ አገር ላሉ የልጅ ልጆቻቸው የሕይወት ታሪካቸውን እንዲያወሩ ተቀጠሩ። ከርሱ ኮምፒውተር ጋር የተገናኘው ሚክሰር «ካርድ 1» ነበር፤ የመቅጃው ስክሪፕትም «ከካርድ 1 ቅዳ» ይላል። ጠዋት መብራት ጠፍቶ መጣ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ዌብካም ቀድሞ ተቆጠረና 1 እሱ ሆነ። አዛውንቱ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። የተቀዳው በዌብካሟ ማይክ ነው፤ ድምፃቸው ከሩቅ፣ ከጎረቤት ጀነሬተር ሥር ይሰማል። በድጋሚ ሊቀዳቸው ሲደውል ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ቤተሰቡ አሁን ያለው ያ ቅጂ ብቻ ነው።

ልብ በሉ፣ ጥፋቱ የቁጥሩ አይደለም። «ሃያ ሁለት»ም ቁጥር ነው፤ 22 ቁጥር አውቶቡስ ይዞርበት ከነበረው ማዞሪያ የቀረ ነው ይባላል። ግን ሃያ ሁለት መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ጉርድ ሾላ አይሄድም። አንድ ቦታ ላይ ረግቷል፣ ስለዚህ ስም ሆኗል። የካርዱ ቁጥር ግን ወረፋ ነው። ወረፋ ደግሞ ይቀየራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ካርድ ከቁጥሩ ሌላ እስከ 15 ፊደል የሚሆን መጠሪያ አለው። ስክሪፕታችሁ ውስጥ ቁጥሩን ትታችሁ በዚያ ጥሩት። ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ርካሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርዶች መጠሪያቸው ባጭሩ «ዲቫይስ» ነው። ሁለት ከሰካችሁ አንደኛው «ዲቫይስ»፣ ሌላኛው «ዲቫይስ 1» ይባላል፣ ተመልሳችሁ ወረፋ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ሁለት «የማሚ ሱቅ» ሲኖር እንደሚሆነው። ያን ጊዜ የተሰኩበትን ቀዳዳ ለይታችሁ የየራሳቸውን ስም ስጧቸው፤ ሚክሰሩን «ሚክሰር» በሉት በቃ።

ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆቼ፣ ለማንኛውም ነገር ስም ስታወጡ ከማማሩ በፊት ይቺን ጠይቁ፦ ነገ መብራት ጠፍቶ ቢመጣ፣ ይሄ ስም ያንኑ ዕቃ ይጠራልኛል?

ሌሎቻችሁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። የሰፈራችሁ ስም ከማን ቀረ? ባለቤቱስ አሁንም እዚያው አለ?