ጌጧ ከራሷ ዕቃ

ምግብ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ስለ ሞተር ብስክሌት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ከምግብ ቤት አይርቅም። «ካፌ ሬሰር» የሚባለው የሞተር ዓይነት ስሙን ያገኘው በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደ ለንደኑ ኤይስ ካፌ ባሉ የመንገድ ዳር ቤቶች ይሰበሰቡ ከነበሩ ወጣቶች ነው። ተራውን የፋብሪካ ሞተር ገዝተው፣ ትርፉን ነቅለው፣ መሪውን ዝቅ አድርገው የራሳቸው ያደርጉት ነበር።

እኔና ልጄም ሰኞ ሰኞ፣ ቤቱ ሲዘጋ፣ የ1978 ሆንዳ ሲቢ 550 እናስውባለን። ጌጥ በካታሎግ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ኪስ ግን ያራቁታል። የኛ ዘዴ አብሯት የመጣውን ዕቃ ማሳመር ነው።

የሞተሩ ክዳን አሉሚኒየም ነው። የፋብሪካው ቫርኒሽ ሲያረጅ ይደበዝዛል። በቀለም ማስለቀቂያ አንሱት። ከዚያ ውሃ እያስነካችሁ በ400፣ በ600፣ በ1000፣ በመጨረሻም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉትና በማወልወያ ቅባት ጨርሱ። እንደ ብር ያበራል። ቫርኒሽ ስለሌለው ግን በየጊዜው መወልወል ይፈልጋል።

የጎን ክዳኖቹ ፕላስቲክ ናቸው። ቅባታቸውን በሳሙና አጥባችሁ፣ በ600 አሻክራችሁ፣ የፕላስቲክ ፕራይመር ቀቡ፤ ቀለሙን ሳሳ አድርጋችሁ እያደረቃችሁ ደራርቡ። ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬ አይገባም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ማርሚታው ሙቀት የሚችል ቀለም ይፈልጋል። ቀለሙን ለማጥበቅ ሞተሩን ስታስነሱ ደጅ አውጡት፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ጭሱ ይገድላል።

የምትቆርጡት ነገር ካለ ተመሳሳዩን ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝታችሁ እሱን ቁረጡ። ኦሪጅናሉን አስቀምጡት፤ ስትሸጡ ገዢው ይጠይቃችኋል።

ለውበት ብለን የማንነካው ግን አለ፦ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ የኋላ መብራትና ስፖኪዮ። ልጄ የኋላውን ፓራፋንጎ እናሳጥር፣ ፍሬቻውንም እናንሳ ብሎኝ ነበር። «ማታ ከኋላህ ያለው ሾፌር ካላየህ፣ ማማርህን ማን ሊያይልህ ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ የፍሬቻውን ቡሎን ራሱ አጠበቀው።

ይህ ልጅ ቤት ውስጥ ከ«እሺ» እና ከ«ቆይ» ያለፈ አማርኛ አይወጣውም ነበር። ዛሬ «አባዬ፣ ማርሚታውን ያዝልኝ፣ ቸርኬውን እኔ ልወልውል» ይለኛል። ቃላቶቹ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው ብሎ ሲስቅብኝ፣ «ያገር ቤት ጋራዥ አማርኛ ነው» እለዋለሁ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉም ይፈታል፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ እኔ ጠይቄው የማይነግረኝን ሁሉ ያወራኛል።

እናንተም ጋ የቆመ ሞተር፣ ካልሆነም ያረጀ ብስክሌት ካለ፣ ልጃችሁን ጥሩና አንድ ክዳን አብራችሁ ፍቱ።