የገዳሪፍ ጎተራና አሳንሰሩ

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያቀና መንገደኛ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የዋልካ ሜዳ ካቋረጠ በኋላ ገዳሪፍ ይገባል። አገሩ የማሽላና የሰሊጥ ነው፤ ከወገኖቻችን ብዙዎች በአጨዳ ወራት ላባቸውን አንጠፍጥፈውበታል። በከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የታነጸው ጎተራ 100,000 ቶን እህል እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያህል እህል ሽቅብ የሚያወጣው ምንድን ነው? አሳንሰር ነው፤ ሰው ሳይሆን እህል የሚሳፈርበት። በረጅም ቺንጋ ላይ የተደረደሩ ባልዲዎች ከታች እየዛቁ ከላይ ይደፋሉ። ግንቡ ዕድሜ ይኖረው ይሆናል፤ ቺንጋውና ኩሽኔታው ግን ያረጃሉ። የላላ ቺንጋ በፑሌጃው ላይ ሲንሸራተት ይግላል፤ የእህል ብናኝም (ዱቄት የለመዱ እመቤቶች አይናቁት) በተዘጋ ስፍራ እሳት ካገኘው እንደ ባሩድ ይፈነዳል። እንዲህ ያለውን አሮጌ ጎተራ ለማደስ ግንቡን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ቺንጋውን መለወጥ፣ የብረቱን ባልዲ በቀላል ፕላስቲክ መተካት፣ ሙቀትንና መንሸራተትን አስቀድሞ የሚጠቁም መሣሪያ መግጠም ይበቃል። አሳንሰሩ የቆመ ዕለት እህሉ በጆንያ ደጅ ይከመራል፤ ሸክሙም ወደ ወዛደሩ ጀርባ ይመለሳል።