ከአሞሌ ጨው እስከ ቢትኮይን

ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት ማለቂያ ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል መጣና በሩ ላይ ቆመ። «መምህር፥ ጊዜ ካለዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ።

ነገሩ ይህ ነው። አባቱ ጀንፈል ሸጠው ካገኙት ገንዘብ ላይ ከፍለው፥ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለመንገዱና ለልብሱ እንዲሆነው በእጁ ሰጥተውታል። እርሱ ደግሞ በቴሌግራም አንድ አዲስ የክሪፕቶ ገንዘብ የሚያወድሱ ሰዎች አግኝቷል፤ በ3 ወር እጥፍ ይሆናል ብለውታል። «ቢትኮይን ውድ ነው። ከሌሎቹ የትኛው ይሻላል?» አለኝ።

ለመመለስ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዝም አልኩ። ለምን ቢሉ፥ ከ2 ዓመት በፊት እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ነገር የ2 ወር ደመወዜን አጥቻለሁ። ይህንንም ከሃፍረት የተነሣ ለባልደረቦቼም ለቤተሰቤም አልተናገርኩም። «ነገ ተመለስ» ብዬ ሰደድኩትና ማታ መልሱን በወረቀት ላይ ለማስቀመጥ ተቀመጥኩ።

ለእኛ አገር ሰው ብዙ ዓይነት ገንዘብ እንግዳ ነገር አይደለም። አያት ቅድመ አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ እስከ ካፋ ድረስ ይመጣ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ መጠንም ዋጋው ይጨምር ነበር። ጥቅሙ ለትንሽ ግዢ መመቸቱ፥ ገንዘብነቱም ቢቀር ለወጥ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ዝናብ ሲነካው መሟሟቱ ነው፤ የካፋ ዝናብ ደግሞ የታወቀ ነው። ለትልቅ ንግድ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ይህ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ነጋዴው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳይቆጥር አይቀበለውም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ ቢያስቀርጹም ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ቶሎ አልተወም። ከዚህ የምንማረው፥ ገንዘብን ገንዘብ የሚያደርገው በዋናነት የተቀባዩ እምነት መሆኑን ነው።

የክሪፕቶ ገንዘብስ ምንድን ነው? የእድር መዝገብን እናስብ። መዝገቡ በጸሐፊው ቤት ብቻ ቢቀመጥ ጸሐፊው ሊሰርዝ ሊደልዝ ይችላል። የመዝገቡ ግልባጭ በአባላቱ ሁሉ ቤት ቢኖር ግን አንዱ ብቻውን ሊያጭበረብር አይችልም። ቢትኮይን በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚህ ዘዴ ነው፤ መዝገቡ በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ላይ ይገኛል። ቁጥሩም ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወስኗል። ስለዚህ እንደ ጠገራ ነው፤ ሰዎች ያከማቹታል እንጂ ሽንኩርት አይገዙበትም። አዲስ የመዝገብ ገጽ የሚጻፈው በ10 ደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ነውና።

ላይትኮይን በ2004 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን ጊዜ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል አወረደው፤ ስለዚህ ለክፍያ ይቀላል። ኢቴሪየም በ2007 ዓ.ም. ሌላ ጥቅም አመጣ። በመዝገቡ ላይ ውል ይጻፋል፤ ቃሉ ሲፈጸም ገንዘቡ ያለ አደራ ጠባቂ ይተላለፋል። ካርዳኖ የተባለው ደግሞ ወደ አገራችን ቀርቦ ነበር። የሚያሠራው ኩባንያ በ2010 ዓ.ም. ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር ተፈራረመ፤ ከታሰቡት ሥራዎች አንዱ የቡናን ጉዞ መመዝገብ ነበር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት ለመመዝገብ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ስምምነት ማድረጉን አስታወቀ። ዶጅኮይን በ2006 ዓ.ም. ለቀልድ የተፈጠረ ነው፤ ለቁጥሩም ወሰን የለውም።

ቴተር ዋጋው ከ1 ዶላር ጋር የተያያዘ ነው። ከውጭ አገር ገንዘብ ለመላክና የአገራቸው ገንዘብ ለሚዋዥቅባቸው ሰዎች ይጠቅማል። ነገር ግን ጥንካሬው በአውጪው ኩባንያ መጠባበቂያ ላይ የተመሠረተ ነው። ቴራ ዩ.ኤስ.ዲ. የተባለው ሌላው እንዲሁ 1 ዶላር ነኝ ሲል ቆይቶ በግንቦት 2014 ዓ.ም. በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሳንቲም ወረደ።

በአገራችን የብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። በሌላ በኩል የውኃ ኃይላችን ርካሽ በመሆኑ ቢትኮይን የሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች መጥተው መብራት በዶላር ገዝተዋል። ቴሌብር ክሪፕቶ አይደለም፤ በስልክ የሚላክ ብር ነው። ቢሳሳቱ ግን አቤት የሚሉበት አለ። የክሪፕቶ ምስጢር ቁልፍ የጠፋበት ሰው አቤት የሚልበት የለውም።

በማግስቱ ተማሪው ሲመጣ ይህን ሁሉ አነበብኩለት። ቀጥዬም ስለ እያንዳንዱ 4 ጥያቄ እንዲጠይቅ ነገርኩት። ምን ሥራ ይሠራል? ቁጥሩን የሚወስነው ማን ነው? ቢጠፋ ማንን እጠይቃለሁ? ዋጫ ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጡት እናት ይቀበሉኛል? ቢትኮይንና ኢቴሪየም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ አላቸው። እርሱ ያገኘው አዲሱ ገንዘብ ግን ለአንዱም መልስ አልነበረውም፤ ሥራው ለሚቀጥለው ሰው መሸጥ ብቻ ነበር።

ልጁ ግን ሞኝ አልነበረም። «መምህር፥ ብርስ ቢሆን? በሐምሌ 2016 ዶላር በገበያ ዋጋ ይሁን ሲባል በጥቂት ሳምንት ከ57 ብር ወደ 100 ብር አለፈ። የአባቴ ገንዘብ በእጄ እያለ ቢሟሟስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እንደ አሞሌው መሆኑ ነው። ለዚህ ጥሩ መልስ አልነበረኝም፤ የሌለኝንም መልስ እንዳለኝ አላስመሰልኩም።

ያኔ የራሴን ታሪክ ነገርኩት። ስንት ብር እንደ ሆነ፥ ማን እንዳባበለኝ፥ ዋጋው ሲወርድ ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሥቼ ስልኬን እንዳየሁ ሳልደብቅ ነገርኩት። ከመዝገቡና ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ በጥሞና ያዳመጠኝ ይህን ስናገር ነው።

ከሳምንት በኋላ አባቱን አማክሮ ገንዘቡን ግማሹን በባንክ እንዳስቀመጠ፥ በግማሹ ደግሞ ጫማና ቦርሳ ከወዲሁ እንደ ገዛ ነገረኝ። «ዕቃው አይሟሟም ብለው አባቴ ናቸው የመከሩኝ» አለ። እኔም ማታ ለታናሽ ወንድሜ ደወልኩና የዚያን የ2 ወር ደመወዝ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አጫወትኩት።