የእስትንፋስ መስፈሪያ

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ሀብት ኹሉ ያለ ዋጋ የሚገኝ፥ እስኪጐድልም ድረስ የማይታሰብ እስትንፋስ ነው። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ እህሉን በቁና ይሰፍራል፤ የሚተነፍሰው ነፋስ ግን መስፈሪያ ያለው አይመስለውም። ኾኖም መስፈሪያው ከተገኘ ብዙ ዘመን ኾኖታል።

ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1846 ዓመት ስፒሮሜትር ስለሚባለው መሣሪያ በሰፊው ጽፎ ለሊቃውንት አስታወቀ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ጐድጓዳ ዕቃ በውሃ ላይ ይደፋል፤ ሰውየው የቻለውን ያህል አየር ስቦ በቧንቧ እፍ ሲል ዕቃው ወደ ላይ ይነሣል፤ የተነሣበትም ልክ የትንፋሹ መጠን ይኾናል። ሃቺንሰን ከ2000 የሚበልጡ ሰዎችን ለክቶ፥ ትንፋሽ በቁመት እንደሚጨምር፥ በዕድሜም እንደሚቀንስ አገኘ።

የጤነኛ ጐልማሳ ሳንባ በጠቅላላው ወደ 6 ሊትር አየር ይይዛል። በዕረፍት ጊዜ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚገባውና የሚወጣው ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ ነው። ሰው ኀይሉን ኹሉ አሟጦ ቢተነፍስ እንኳ ከ1 ሊትር የሚበልጥ አየር በውስጡ ይቀራል፤ ይህን ቀሪ ስፒሮሜትር ሊሰፍረው አይችልም። የዛሬ ሐኪሞችም ብዛቱን ብቻ ሳይኾን ፍጥነቱን ይመለከታሉ። ጤነኛ ጐልማሳ በኀይል ሲተነፍስ፥ ከሚያወጣው አየር ከመቶ 70 የሚበልጠውን በመጀመሪያው ሰከንድ ያወጣል፤ የአየር ቧንቧው የጠበበበት ግን በዝግታ ይወጣለታል።

መስፈሪያ ግን ያለ ማነጻጸሪያ አይናገርም። ቢቸና ከጮቄ ተራራ በምሥራቅ፥ ሞጣ በሰሜን፥ ኹለቱም በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ኾነ፥ በአንድ ሊትር ነፋስ ያለው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱን ሲወጣ ያለከልካል፤ የደጋው መሪጌታ ግን ማሕሌት ቆሞ ያድራል። በ1969 ዓመት በታተመ ጥናት፥ በሰሜን ደጋ በደባርቅ የሚኖሩ ሰዎች የሳንባ መጠን በቆላው በአዲአርቃይ ከሚኖሩት በልጦ ተገኝቷል። ደግሞም በ2002 ዓመት ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ሊቅና ባልንጀሮችዋ፥ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደማቸው እንደ ቆላ ሰዎች ደም ኦክሲጅን የጠገበ መኾኑን አስታወቁ። እንግዲህ የሌላው አገር ልክ ለኹሉ ሰው ልክ አይደለም።

ማነጻጸሪያውን ለክፋት ያዋሉትም ነበሩ። በአሜሪካ በባርነት ዘመን ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ ሐኪም፥ የጥቁር ሰው ሳንባ በተፈጥሮው ያነሰ ነው እያለ በዚሁ መሣሪያ ባርነትን ደገፈበት። ሐሳቡም መልኩን ለውጦ እስከ ቅርብ ጊዜ ቆየ፤ በዚያ አገር ከጥቁር ሰው የሚጠበቀው መጠን አስቀድሞ ከመቶ 10 እስከ 15 ይቀነስለት ነበር። ስለዚህም ሳንባው የተጐዳው እንደ ጤነኛ ተቈጥሮ ይሰናበት ነበር። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ይህ በዘር መለየት እንዲቀር የመከረው በ2023 ዓመት ነው። ሐሰተኛ ሚዛን በገበያ ብቻ የሚገኝ አይምሰለን።

በእኛም አገር አንድ ሚዛን ይጐድላል። በማድቤት ከእንጨትና ከኩበት ጢስ ጋር ስትታገል ዕድሜዋን የፈጀች እናት፥ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ትንፋሽ ቢያጥራት «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጢስ ግን የሳንባን ቧንቧ ቀስ በቀስ እንደሚያጠብ የታወቀ ነገር ነው። መሣሪያ በሌለበት ስፍራ ሐኪሞች በቀላል ነገር ይፈትናሉ፤ አፉን በሰፊው ከፍቶ፥ ከንፈሩን ሳያሞጠሙጥ፥ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተያዘ የበራ ክብሪት እፍ ብሎ ማጥፋት ያቃተው ሰው ቧንቧው እንደ ጠበበ ይጠረጠራል። ይህ ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም፤ ፍርዱ የስፒሮሜትር ነው።

የንስሐ አባት ወደ ቤት ሲገባ የነፍስን ነገር እንደሚጠይቅ፥ የትንፋሽንም ነገር ቢጠይቅ፥ ለጢሱ መውጫ እንዲከፈት፥ የሚያለከልከውም ወደ ሐኪም እንዲሄድ ቢመክር፥ ከአገልግሎቱ የወጣ ሥራ አይኾንበትም። ሰውን ሕያው ያደረገው እስትንፋስ ነውና።