ውሃው ያልደረሰበት ጥግ

ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ አሳ ገንዳ ነው። ብትስቁ አንቀየምም፤ አምና ቢነግሩን እኛም እንስቅ ነበር።

የምንኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የበኩር ልጃችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ በክረምት ዕረፍቱ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ 75 ጋሎን፣ ማለትም 284 ሊትር ገደማ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ገዝቶ ሳሎናችን ውስጥ ትንሽ ባሕር ሠራ። ጨዋማ ውሃ፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ልጆች ኒሞ የሚሏቸው ሁለት ብርቱካንማ አሶች፣ በድንጋዩ ላይ ደግሞ ኮራሎች። ኮራል ሲያዩት አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ከተጣበቀበት ድንጋይ ተነሥቶ ምግብ ፍለጋ አይሄድም። በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ያዘጋጁለታል። ኦክስጅንና ሌላ ምግብ የሚያመጣለት፣ ቆሻሻውንም ጠርጎ የሚወስድለት ግን የሚንቀሳቀስ ውሃ ነው።

ልጃችን ባለፈው ኦገስት ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲሄድ ገንዳውን ለእኛ ተወልን። በሄደበት ዋዜማ ማታ በቤታችን ክፉ ቃል ተነጋግረን ነበር። እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር መምጣት ካቆመ ወራት አልፈው ነበርና ያንን አንሥተን ብዙ አልን። ያልነውን እዚህ አንደግመውም። ጠዋት ሻንጣውን ጭነን ስንመለስ ገንዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። የጨዉ ልክ 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ፣ ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ቁንጥር። መጨረሻ ላይ፦ «ፓምፖቹን አትርሱ»።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች በትጋት ጠበቅን። አራተኛውን ረሳነው። ፓምፖቹ ድምፅ ያሰሙ ስለነበር የሚሠሩ መሰለን።

ኖቬምበር ሲገባ ሀመር የሚባለው ኮራል ተሸማቀቀ። እንደ ጣት የሚወዛወዙት ጫፎቹ ወደ ውስጥ ገቡ። ከድንጋዩ ጀርባ ቀይ ቬልቬት የመሰለ ልጋግ አሸዋውን አለበሰው። ስማችንን እንደሚያስጠራ ነገር እንግዶች የሚያደንቁት ያ ገንዳ ነበርና ደነገጥን። ውሃ ለወጥን፤ ምግብ ቀነስን፤ አዲስ መብራት ገዛን። ልጋጉን በእጃችን ለቅመን አወጣን፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ከፊት ለፊት ሲያዩት ግን ውሃው ጥርት ያለ ነበር።

አሳ ከሚሸጥበት ሱቅ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት ችግራችንን ከሰሙ በኋላ፣ ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቁንም። «ውሃው የት የት ይደርሳል?» አሉን። ቤት ገብታችሁ ቁንጥር ምግብ ጣሉና በዓይናችሁ ተከተሉት አሉን። እንዳሉን አደረግን። ፍርፋሪው ከፊት ለፊት ዞረ፣ ዞረና ወደ ጀርባ ሲሻገር እንደ በረዶ ቀስ ብሎ ወርዶ ተኛ። እዚያ የተኛው የዚያን ቀን ምግብ ብቻ አልነበረም። ድንጋዩ ከኋላ መስታወት ጋር ተጠጋግቶ እንደ ግድግዳ ተደርድሮ ስለነበር፣ የወራት ዝቃጭ ተከማችቶ ነበር። ቀዩ ልጋግ ሳይኖባክቴሪያ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚበረታው እንዲህ ውሃ በቆመበትና ዝቃጭ በበዛበት ቦታ ነው። አንደኛውን ፓምፕ ስናወጣው ደግሞ ውስጡ በነጭ ካልሲየም ተሸፍኖ ነበር። ድምፅ ነበረው፤ ጉልበት አልነበረውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በዕለቱ ትልቅ ፓምፕ ገዝተን በታመመው ኮራል ትክክል አነጣጠርንበት። ከእንክብካቤ እጦት ታሟልና እንክብካቤ ይብዛለት አልን። በሁለተኛው ቀን አሸዋው በአንድ ጥግ ተቆልሎ፣ የኮራሉም ሥጋ ከአጥንቱ ላይ ተልጦ አገኘነው። ውሃ በማጣት ያልሞተው በውሃ ብዛት ሊሞት ሆነ።

ያኔ ለልጃችን ደወልን። እሑድ አልነበረም፤ ረቡዕ ማታ ነበር። እስከዚያ ቀን ስልካችን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። «ደህና ነህ? በላህ? ቤተ ክርስቲያን ሄድክ?» እሱም «ደህና ነኝ አባዬ፣ እሺ እማዬ» ይልና ይዘጋል። በየማለዳው የስብከት ቪዲዮ እንልክለት ነበር። ማየቱን ምልክቱ ያሳየናል፤ መልስ ግን አይመጣም። የዚያን ማታ ግን የማናውቀውን ነገር ጠየቅነው። «ልጄ፣ ኮራልህን ገደልነው መሰለን። ምን እናድርግ?»

ካሜራ አስከፈተን። «እማዬ፣ እጅሽን ከመክተትሽ በፊት ሶኬቶቹን ንቀሉ» አለ። ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ፓምፑ ኮራሉ ላይ መነጣጠሩን ሲያይ ዝም አለና፣ «አባዬ፣ ኮራል ማዕበል ይወዳል እንጂ ፊቱ ላይ ቧንቧ እንዲለቀቅበት አይወድም። ባሕር እኮ ይመጣል፣ ይሄዳል» አለ።

እንዲህ አደረግን። ድንጋዩን ከኋላ መስታወት አራት ጣት ያህል አራቅነው፤ ውሃ በሥሩም በጀርባውም እንዲያልፍ እንደ ቅስት አድርገን ደረደርነው። ይህንንም በአንድ ቀን አልጨረስንም። «የተኛው ሁሉ ባንዴ ከተነሣ ውሃውን ያበላሸዋል» ስላለን፣ በየጥቂቱ እያነሣን፣ ዝቃጩን በቀጭን ቱቦ እየሳብን፣ በየጊዜው 7 ጋሎን ያህል አዲስ የጨው ውሃ ተካን። አሮጌዎቹን ፓምፖች በውሃ በተቀላቀለ አቼቶ ዘፍዝፈን ስንፈገፍጋቸው ጉልበታቸው ተመለሰ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አደረግን። ማንኛቸውም ኮራል ላይ በቀጥታ አይተፉም፤ ሁለቱ ጅረቶች በፊተኛው መስታወት በኩል ተገናኝተው ይሰበራሉ፣ ከዚያ በየአቅጣጫው ይበተናሉ። መቆጣጠሪያ ገጥመንላቸው ተራ በተራ ይበረታሉ፣ ይለዝባሉ።

ሁለቱንም ትንሽ ወደ ላይ ቀና አደረግናቸው፤ የውሃው ገጽ ካልተንቀሳቀሰ ኦክስጅን በደንብ አይገባም። ሌሊት መብራት ሲጠፋ አልጌዎቹ ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ፤ አሳውም ኮራሉም ግን መተንፈሱን አያቆምም። ለጉልበቱ ልክ ደግሞ ልጃችን ሒሳብ ሰጠን። እንደኛ ላለ ገንዳ በሰዓት 20 እጥፍ፣ ማለትም 1,500 ጋሎን ያህል የሚያንቀሳቅሱ ፓምፖች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ስስ የሆኑ የኮራል ዓይነቶች ያሉት ሰው ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። «ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ከጀርባ የሚተኛ ነገር ካለ ገና አልደረሰም ማለት ነው» አለን።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል ጥቂት ዝም ተባባልን። ከሁለታችን አንዱ «ልጄ፣ ያን ማታ የተናገርንህ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለን» አለ። ማን እንዳለ አንነግራችሁም፤ ሁለታችንም ልንለው አስበን ነበር። እሱም ከቆይታ በኋላ «እኔም ክፉ ተናግሬያለሁ» አለ። ከዚያ በላይ አልገፋነውም። የተኛውን ሁሉ ባንዴ ማንሣት ደግ እንዳልሆነ ገና አሁን ተምረናልና።

ወገኖች ሆይ፣ በዚያ ሳምንት በጸሎታችን ደጋግሞ ወደ ልባችን የመጣው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ የነበረው ሰው ነው። 38 ዓመት ታሞ በሚናወጥ ውሃ ዳር ተኝቷል። ውሃው ቅርብ ነው፤ ለእሱ ግን አይደርሰውም። ጌታ ወደ እሱ ሄደ። ሄዶም አልገሠጸውም፤ አስቀድሞ ጥያቄ ጠየቀው፣ መልሱንም ሰማ። እኛ ከልጃችን ጋር የጎደለን ይህ ነበር። መጀመሪያ የማንደርስበት ጥግ አድርገን ተውነው። ቀጥሎ ደነገጥንና ያለንን ምክር ሁሉ ፊቱ ላይ ለቀቅንበት። ፍቅራችን እውነተኛ ነበር፤ አቅጣጫው ግን አንድ ብቻ ነበር። የሚሄድ እንጂ የሚመጣ አልነበረውም።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብለን አንዋሻችሁም። ከሀመር ኮራሉ አራት ራሶች ሁለቱ ሞተዋል። የቀሩት ሁለቱ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተከፈቱ። ቀዩ ልጋግ ከጀርባ ቀስ በቀስ ጠፋ። ልጃችን ለገና ዕረፍት መጣና ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ገንዳው ፊት ተንበርክኮ የተረፉትን ቆጠረ። እሑድ ጠዋት ተኝቶ ነበር። አልቀሰቀስነውም። ቁርሱን ሸፍነንለት ሄድን። ስንመለስ ቡና አፍልቶ ጠበቀን፤ «ዛሬ ምን ተሰበከ?» ብሎ ጠየቀን። ያልጠየቅነውን ጠየቀን። በአጭሩ ነገርነው፣ ከዚያም የእሱን ሰማን።

እናንተስ ቤት ውሃው ያልደረሰበት ጥግ የት ነው? ከፊት ለፊት ሁሉም ጥርት ብሎ ይታይ ይሆናል። ከአሥራ አምስት ቀን በላይ ያልደወላችሁለት ወንድም፣ «ደህና ነኝ» ብቻ የምትል ሴት ልጅ፣ በአንድ ጣራ ሥር ያለ ዝምታ ይኖር ይሆናል። ዛሬ ቁንጥር ነገር ጣሉና የት እንደሚተኛ ተከተሉት። ስትደርሱበት ደግሞ በጥያቄ ጀምሩ።

ጌታ ሆይ፣ ሳንጠራህ ወደ እኛ እንደ መጣህ፣ እኛም ወደ ራቁብን በየዋህነት እንድንሄድ እርዳን። አሜን።